«ስንት ይዘሃል?» ሲለኝ ነገርኩት

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ። ዓምዱን ሁሌ አነባለሁ፣ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬ 38 ነው። 14 ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ስነዳ ኖርኩ። እንቅልፉን የማጣው እኔ፣ ትርፉን የሚቆጥረው ሌላ ሰው። አሁን እኔና ባለቤቴ ትንሽ ትንሽ ስናጠራቅም ቆይተን ያገለገለ የጭነት መኪና ለመግዛት ደረስን። አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ አንዱን አየሁት፣ አየሁትና አለቀ። ልቤ እዚያው ቀረ።

ነጋዴው የአጎቴ ወዳጅ ነው። «ወንድሜ» ብሎ ነው የሚጠራኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ሞተሩን አስነስቶ፣ አሙቆ ጠበቀኝ። ተደሰትኩ። ከዚያ «ለመሆኑ ስንት ይዘሃል?» አለኝ። እኔም ሳላስብ እውነቱን ነገርኩት። የያዝኩት እሱ ከጠራው ዋጋ ትንሽ ያንስ ነበር። ጥቂት አሰበና «በቃ፣ ላንተ ስል» ብሎ ልክ እኔ ወዳልኩት ገንዘብ ወረደልኝ። ሳሰላው ቅናሹ 5 በመቶ እንኳን አይሞላም። ያንን ከከፈልኩ ለስም ማዛወሪያም፣ ለኢንሹራንስም፣ ለጎማም ምንም አይተርፈኝም። ይህንን ስነግረው «እሱን እኔ አበድርሃለሁ፣ እየሠራህ በየወሩ ትከፍለኛለህ» አለኝ። ሌላ ፈላጊ ስላለ ግን እስከ ቅዳሜ ቀብድ ላስይዝ ነው።

ባለቤቴ በጣም ተናደደች። «ገና ሳትከራከር ኪስህን ገልብጠህ አሳየኸው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን ዋጋ መከራከር አይሆንልኝም፣ ፊቴ ይቀላል። አጎቴንም ማስቀየም አልፈልግም። አሁን ተመልሼ ቀንስልኝ ብል ቃሌን ማጠፍ አይሆንብኝም? ደግሞስ መኪናውን ባጣውስ? እባክዎ ይምከሩኝ።

የሰው መኪና የሰለቸው

መልስ፦

ወንድሜ፣ «አንተ» ብልህ ቅር እንዳይልህ፣ እንደ ታላቅ እህት ቁጠረኝ። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። የፈለግኩት አጠፍኩት የምትለውን ቃል ነበር፣ አላገኘሁትም። ስንት ይዘሃል ተባልክ፣ መለስክ። እሱ ዋጋ ጠራ፣ አንተ «ምንም አይተርፈኝም» አልክ። የት ላይ ነው «ገዝቻለሁ» ያልከው? ይህንን ሸክም ከአሁኑ አውርደው። ኪስህ ውስጥ ያለውን ማወቁ አንድ ነገር ነው፣ ያ ሁሉ ለእሱ ይገባል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ባለቤትህ መናደዷ አይገርመኝም፣ የእሷም ዓመታት አሉበት። አንተንም ግን ሞኝ አልልህም። እሱ መኪና መሸጥ የዕለት ሥራው ነው፣ አንተ ምናልባት በዕድሜህ አንድ ጊዜ ነው የምትገዛው። ደግሞ የመኪናውን ጉድ የሚያውቀው እሱ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት ስለዚሁ ያገለገለ መኪና ገበያ እ.ኤ.አ. በ1970 ጽፎ፣ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል። ያለው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ጥሩውና መጥፎው መኪና በአንድ ዋጋ ይታያሉ። ለአንተ የሚጠቅመው ከዚህ የሚከተለው ነው። መኪናው በእርግጥ ጥሩ ከሆነ፣ ሻጩ ቢፈተሽለት ደስ ሊለው ይገባል። «መካኒክ ይዤ ልምጣ» ስትለው ፊቱን እይ።

አሁን ወደ አንዲት ዓረፍተ ነገርህ ልመለስ። «ሞተሩን አስነስቶ፣ አሙቆ ጠበቀኝ» ብለሃል። አንተ እንደ አክብሮት ነው የወሰድከው። ሊሆን ይችላል፣ ሰውየውን አላውቀውም። ግን 14 ዓመት ነድተሃልና ይህንን ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ፤ የናፍጣ ሞተር ምስጢሩን የሚያወጣው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። ባትሪው ደካማ ከሆነ፣ ሞተሪኖው (ማስነሻው) የሚንገታገት ከሆነ፣ ኢንጄክተሩ ከለቀቀ፣ የሞተሩ ኮምፕሬሽን ከወረደ፣ ሁሉም በዚያች በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው የሚታየው። ከሞቀ በኋላ ሁሉም ጨዋ ነው። የሌላ ሰው መኪና ቢሆን ኖሮ ይህ አያመልጥህም ነበር። ፍቅር ነው የጋረደህ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን በማለዳ፣ ሳትደውል ሂድ። መጀመሪያ እጅህን ሞተሩ ላይ አድርግ። ቀዝቃዛ ከሆነ አስነሳና ከኋላ ቁም። በብርድ ትንሽ ነጭ ጭስ ቢያወጣ አትደንግጥ። ሞቆም ነጩ ካልጠፋና ራዲያተሩ ውኃ የሚቀንስ ከሆነ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ከሆነ ወይ ናፍጣው በዝቶበታል ወይ አየር አንሶታል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈትና እጅህን ጠጋ አድርግ፤ እንፋሎቱ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ፒስተኖቹ ደክመው ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ሥር እንደ ወተት የነጣ ነገር ካየህ ደግሞ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ስለሚችል መካኒክህ በደንብ ያጣራው።

ከዚያ ሥሩ ግባ። ሻንሲው ላይ አዲስ ቀለም ብቻውን የሚያብረቀርቅበት ቦታ ካለ ለምን እዚያ ብቻ እንደተቀባ ጠይቅ። ብየዳ ይኖራል፣ ስንጥቅ ይኖራል። ባሌስትራዎቹን ቁጠር፣ የተሰበረ ካለ እይ። የኋላ ጥንድ ጎማዎችን ደግሞ ውስጠኞቹን ሳታይ እንዳትወጣ፤ ከውጭ ያሉት ጥርሳቸው ገና ጥልቅ ሆኖ ውስጠኞቹ መላጣ የሆኑበት መኪና ስንት አለ መሰለህ። ጎማው ጎን ላይ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮችም አንብብ። 3519 የሚል ከሆነ በ2019 ዓመት በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጥርሱ አዲስ፣ ዕድሜው ግን የሸመገለ ጎማ ሊያጋጥምህ ይችላል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ብቻውን አትመን። የፔዳሉ ላስቲክ ተልጦ መሪው እንደ መስታወት ከሚያበራ መኪና ላይ ትንሽ ኪሎ ሜትር ካየህ አንዱ እየዋሸህ ነው፣ ፔዳሉ ደግሞ አይዋሽም።

ሙከራውን ባዶ መኪና ይዘህ ሜዳ ላይ ብቻ አትንዳ። ከተቻለ ጭነት ይኑረው፣ ካልተቻለም ዳገት ፈልግ። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ነዳጅ ስትለቅ ማርሽ ይተፋል? ፍሪሲዮኑ ዳገት ላይ ይንሸራተታል? ዲፈረንሻሉ ያለቅሳል? የአየር ፍሬን ካለው አየሩን ሞልተህ ሞተሩን አጥፋና አየር ያፈስ እንደሆነ ዝም ብለህ አድምጥ፣ ጌጁንም እይ። ይህ ሁሉ ለአንተ አዲስ አይደለም። እኔ የማስታውስህ ሌላ ገዢ የሌለውን የ14 ዓመት ልምድ ይዘህ እንደምትገባ ነው። ቢሆንም አንተ አፍቅረሃልና ያላፈቀረ መካኒክ ይዘህ ሂድ። ሻጩ ያመጣልህን ሳይሆን አንተ የምትከፍለውን።

ይህንን ሁሉ የማበዛው ለምን መሰለህ? መከራከር አልችልም ብለሃላ። እኔ ግን አንተ እንድትከራከር አልፈልግም። የሚከራከርልህ ወረቀት ነው። መካኒኩ ያገኘውን እያንዳንዱን ነገር፣ ከነማሠሪያ ዋጋው፣ በወረቀት ጻፍ። አራት ጎማ ይህን ያህል፣ ፍሪሲዮን ይህን ያህል፣ ባሌስትራ ይህን ያህል። «ውድ ነው» ስትለው እሱ «ኧረ ርካሽ ነው» ይልሃል፣ እሱ ደግሞ በአፍ ይበልጥሃል። ወረቀቱን ስታሳየው ግን ወይ ዋጋውን ይቀንሳል ወይ ራሱ ያሠራዋል። ፊትህ ቢቀላም ወረቀቱ አይቀላም።

አሁን የሚከብደውን ጥያቄ ልጠይቅህ። አንተ የምትፈልገው ይህንን መኪና ነው ወይስ የራስህን መኪና? ሁለቱ ይለያያሉ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ የምትቀንሰው መቼ ነው? ከመጀመርህ በፊት አይደል? መሃል ላይ ፍሬኑ ከጋለ በኋላ ማን ይቀንሳል። ዋጋም እንደዚያ ነው። ጣሪያህን ቤትህ ተቀምጠህ ከባለቤትህ ጋር ነው የምትወስነው፣ መኪናው ፊት ቆመህ አይደለም።

እስቲ አብረን እናስላ። የያዛችሁት 100 ነው እንበል። ለስም ማዛወሪያና ለኢንሹራንስ 6 አውጣ። ለጎማ 8። ለመጀመሪያው ሰርቪስና ለትንንሽ ጥገና 4። መኪናው አንድ ወር ቢቆም ቤታችሁ የሚበላው፣ የሚከፈለው 7። 75 ቀረህ። ጣሪያህ 75 ነው ማለት ነው፣ 100 አይደለም። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፣ የራሳችሁን አስገቡ። ከዚያ ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተመሳሳይ ዓመት፣ ተመሳሳይ የመጫን አቅም ያላቸውን ቢያንስ ሦስት መኪኖች ሄደህ እይ። የሚጠራውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የተሸጠበትን ጠይቅ፤ በቅርብ የገዛ ሾፌር አታጣም። መኪናው በገበያው 95 የሚያወጣ ከሆነና ጣሪያህ 75 ከሆነ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርህ፣ ይህ የድርድር ችግር አይደለም። መኪናው ከአቅምህ በላይ ነው። ምንም ዓይነት የንግግር ጥበብ 20ውን አያመጣልህም። ያኔ አነስ ያለ ወይም ዕድሜው ከፍ ያለ መኪና ማየት፣ ወይም ትንሽ መቆየት ነው። የሚያም ነው፣ አውቃለሁ።

ብድሩን ግን አልወደድኩትም። ዋጋውን አልቀነሰልህም፣ ሌላ ኪስ ውስጥ ነው የከተተው። «በየወሩ ትንሽ ትንሽ» ሲባል ዋጋው ከዓይን ይጠፋል። ዕዳው ካለብህ ደግሞ በሁለተኛው ወር ካምቢዮው ቢያስቸግርህ እንዴት ብለህ ነው የምትወቅሰው? እንዲያውም ብታስበው እንኳን «በጠቅላላው ስንት ከፍዬ ነው የምጨርሰው?» ብለህ አንድ ቁጥር አስወጣው።

ወደ ግቢው ስትመለስ ምን ትላለህ? ኪስህን ማየቱ ያበቃ ነገር እንዳይመስልህ፣ ማስተካከል ይቻላል። እንዲህ በለው፦ «ያኔ የነገርኩህ ገንዘብ ያለን ጠቅላላው ነው። ስም ማዛወሪያውም፣ ኢንሹራንሱም፣ ጥገናውም ከእሱ ነው የሚወጣው። ቁጭ ብለን ስናሰላው ለመኪናው የሚቀረን ይህ ነው። መካኒኩ ያገኘውም ይኸውልህ።» ውሸት የለበትም፣ ለዚህ ነው አፍህ የማይያዘው። የመጀመሪያ ቁጥርህ ከጣሪያህ ዝቅ ይበል፣ ለመውጣት ቦታ እንዲኖርህ። ግን በወረቀቱ የምታስረዳው ይሁን፣ ከአየር ላይ የዘገንከው አይሁን። ቁጥሩን ተናገርና ዝም በል። እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንወድቀው። ዝምታው ሲከብደን «ማለቴ... ትንሽ ልጨምር እችላለሁ» እንላለን፣ ማንም ሳይጠይቀን። አትጨምር። ጎማውን እይ፣ ሰማይ እይ፣ እሱ ይናገር።

ከጨመርክም እየቀነስክ ጨምር። መጀመሪያ 3 ከጨመርክ ቀጥሎ 1፣ ከዚያ ግማሽ። ወደ ጣሪያህ እየተጠጋህ መሆኑ ይገባዋል። ገንዘቡ አልንቀሳቀስ ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ጠይቅ። ሁለት አዲስ ጎማ፣ አዲስ ባትሪ፣ የስም ማዛወሪያውን ወጪ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ለ30 ቀን ዋስትና እንዳላቸው የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት። ለነጋዴ ዋጋ ከመቀነስ ጎማ መጨመር ይቀለው ይሆናል፣ ጎማውን እሱ ከአንተ በርካሽ ያገኘዋል።

«ሌላ ፈላጊ አለ» የሚለውን እንዴት እንየው? እውነት ሊሆን ይችላል። ውሸትም ሊሆን ይችላል። ከጎማው ሥር ሣር ከበቀለ፣ ጎማው በቆመበት ጎኑ ጠፍጥፎ ከሆነ፣ መኪናው እዚያ ወራት ቆሟል፤ የቆመ መኪና የነጋዴው የታሰረ ገንዘብ ነው፣ የሚቸኩለው እሱ ነው። ሣር ከሌለና ሰውየው እውነት ካለ ደግሞ ይሽጠው። «ሌላ ሰው ከቀደመኝ የእኔ አልነበረም» በለውና ስልክህን ተውለት። ይህን ስትለው ሆድህ ባር ባር ይላል። ቢሆንም በአካልህ ከግቢው ውጣ፣ በር ላይ ቆመህ እንዳትጠብቅ።

ቅዳሜ ቀብድ ካላስያዝክ የሚለውን በተመለከተ፣ መካኒክ ሳያየው ምንም ገንዘብ አትስጥ። ካየው በኋላ መስጠት ከመረጥክም ትንሽ ይሁን፣ ደረሰኝ ይኑረው፣ ወረቀቱም ላይ «በፍተሻ ወይም በሰነድ ችግር ከተገኘ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» ይባል። ሰነድ ስል ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፣ ቁጥሩ አካባቢ የተፈገፈገ ወይም በድጋሚ የተመታ ነገር አለመኖሩን በጣትህ ዳብሰህ እይ። የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበትም ስም ከሚዛወርበት ቢሮ ራስህ አጣራ። «ምንም የለበትም» ማለት ለአፍ ቀላል ነው።

አጎትህን አልረሳሁትም። ለእኔ ይህ ከዋጋው ይልቅ ያስጨነቀህ ነገር ይመስለኛል። ይሉኝታ ነው። አጎትህ ግን ከዚህ ሽያጭ ምን ይፈልጋል? አንተ ተጎድተህ ወዳጁ ቢደሰት ደስ ይለዋል? አይመስለኝም። እንዲያውም ቀድመህ ደውልለት። «ጋሼ፣ መኪናውን ወድጄዋለሁ፣ መካኒክ አሳይቼ ዋጋ ልነጋገር ነው፣ ቅር እንዳይልህ» በለው። ከሌላ ሰው ሲሰማ ነው የሚቀየመው። ይልቅ መኪናው ሁለት ወር ሠርቶ ቢቆምብህ በሦስታችሁ መካከል የሚገባውን ቅያሜ አስብ። ነጋዴውም ቢሆን በየቀኑ ስንት ሰው ሲከራከረው ይውላል፣ አንተ ስትጠይቅ አዲስ ነገር አይሆንበትም። በቁጣ ሳይሆን በፈገግታ ጠይቅ፣ ያ ይበቃል።

ባለቤትህን ይዘሃት ሂድ። ልታስፈራራው አይደለም። አንተ ልብህ መኪናው ጋ ሲሄድ እሷ ቁጥሩ ጋ ትቀራለች። ካልሄደችም «ሁለታችን ሳንስማማ አልወስንም» ማለት ትችላለህ፣ እውነት ስለሆነ። ዛሬ ማታ ግን መጀመሪያ «ልክ ነሽ» በላት። ደብዳቤው ላይ ለእኔ ብለኸኛል፣ ለእሷ ማለትህን አላውቅም።

አንድ የራሴን ላውራህና ልተውህ። ያገለገለች ትንሽ መኪና ስገዛ ግማሽ ቀን ተከራክሬ፣ ሻጩን አንገሽግሼ፣ ደህና አስቀንሼ በደስታ እየዘመርኩ ወደ ቤት ገባሁ። በማግስቱ ጎማ ተነፈሰ። የኋላ ኮፈኑን ከፈትኩ። ያየኋት ጊዜ የነበረው ተጠባባቂ ጎማ የለም፣ ክሪኩም የለም፣ የጎማ መፍቻውም የለም። ያስቀነስኩትን ያህል ገንዘብ ለእነሱ አወጣሁ። ስለዚህ ስትስማሙ መኪናው ላይ ያለውን ዕቃ በሙሉ፣ ክሪኩን ጨምሮ፣ ውሉ ላይ አስጽፍ። ማለዳ ሄደህ ሞተሩን ስትነካው ምን እንደሆነ ደግሞ ጻፍልኝ።